ስንት ፐርሰንት ነው ዕድሌ?

ባለፈው መስከረም፣ አንድ እሑድ ማታ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ እህቴ ቤት ገባሁ። ምጣዱ ግሏል፤ ቤቱ በጤፍና በእርሾ ሽታ ታፍኗል። የእህቴ ልጅ ማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ትጠብቀኛለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ ቢዝነስ መማር ትፈልጋለች። እኔ ደግሞ ከቤተሰቡ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩ የመጀመሪያው ሰው ስለሆንኩ የዚህ ጉዳይ አዋቂ ተብያለሁ። ስክሪኑ ላይ አሥራ ሰባት ኮሌጆች ተደርድረዋል። በየስማቸው አጠገብ ከመቶ ስንቱን አመልካች እንደሚቀበሉ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ሃርቫርድ ጋ 3.6 ይላል።

«ጋሼ፣» አለችኝ፣ «እኔ ስንት ፐርሰንት አለኝ?»

ያን ማታ አፍ አውጥቼ የተናገርኩት እርባና ያለው ነገር አልነበረም። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ቁጥሩ ከየት መጣ? ማን ሠራው? ለሳምንታት ያነበብኩት ይህንኑ ነው።

ጥያቄዋ ከየት እንደመጣ ግን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገኝም። እናቷ የማትሪክ ልጅ ናት። እኛ አገር የተማሪ ዕድል አንድ ቁጥር ነበር። ትፈተናላችሁ፣ ውጤት ይመጣል፣ መቁረጫ ነጥብ ይወጣል፣ ምርጫ ትሞላላችሁ፣ ትመደባላችሁ። እህቴን ነጥቧ ኮሜርስ አገባት፤ በ1940ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት መጀመሪያ የተከፈተው፣ አሁን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት። አካውንቲንግ ተማረች። ማንም ስለ ባሕርይዋ አልጠየቃትም፤ ድርሰት ጻፊ አላላትም፤ አባቷ ምን እንደሚሠራ ማወቅ የፈለገ የለም። ዛሬም ቢሆን «ልጄ ውጤቷ እንዲህ ሆኖ እንዴት አይቀበሏትም?» ስትል፣ በልቧ ያለው የማትሪክ ሰሌዳ ነው።

የልጅቱ ዝርዝር አንደኛ ዋርተን ነበር። እንግዲህ ከዚያ እንጀምር።

ጆሴፍ ዋርተን በዚንክ፣ በኒኬልና በብረት የከበረ የፊላደልፊያ ሰው ነው። በ1881 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) ለፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ 100,000 ዶላር ሰጥቶ የፋይናንስና የኢኮኖሚ ትምህርት ቤት ይከፈት አለ። በዚያን ጊዜ ንግድ የሚለመደው ንግድ ቤት ውስጥ ነው፤ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጥሮ፣ ደብዳቤ ገልብጦ፣ መዝገብ ሞልቶ። የሂሳብ መዝገብ አያያዝና የእጅ ጽሕፈት የሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶችም በየከተማው ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ግን የላቲንና የግሪክ ቤት ነው፤ ነጋዴ ምን ሊያደርግ እዚያ ይገባል? ዋርተን ይህን ሰበረው። ስጦታው ግን እንዲሁ አልመጣም። መምህራኑ የአገር ውስጥ ኢንዱስትሪ በቀረጥ ከውጭ ዕቃ መጠበቅ እንዳለበት እንዲያስተምሩ የሚል ፍላጎት አብሮ ነበረው። ኒኬል አምራች አይደል? የሚያዋጣውን ያውቃል።

ቺካጎና በርክሌይ በ1898 ተከተሉት። አንዳንዶቹ የድሮ ቤቶች ግን ንግድን በፊት ለፊት በር ማስገባት ከበዳቸው። ዳርትመዝ በ1900፣ ሃርቫርድ በ1908 የቢዝነስ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ለማን? ቀድሞ ሌላ ነገር ተምሮ ለጨረሰ ሰው። የሚያፍሩበትን ዘመድ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ማብላት ይመስለኛል፣ አንዳንዴ ሳስበው።

ይህ የመቶ ዓመት ኩራት ዛሬ የአንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ዝርዝር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን በመጀመሪያ ዲግሪ የቢዝነስ ሜጀር የላቸውም። «ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል» የሚለው ስም ጆሯችን ላይ ስለሚጮህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ የሚገባበት ይመስለናል። እነዚህ ቤቶች ውስጥ ንግድ የሚወድ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ኢኮኖሚክስ ያጠናል። ኢኮኖሚክስ ጥሩ ነው፤ ግን አካውንቲንግ አይደለም። ከአሥራ ሰባቱ ኮሌጆች አምስቱ ልጅቱ የፈለገችውን አያስተምሩም ነበር። ይህን ስነግራት ዝም ብላ አየችኝና አምስቱንም በግራጫ ቀለም ቀባቻቸው። አልሰረዘቻቸውም።

ሌላም በር አለ። ቅርባችን ያለው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሻርለትስቪል፣ በ1921 የኮሜርስ ትምህርት ቤት የከፈተው በፖል ጉድሎ ማኪንታየር ገንዘብ ነው። (ይኸው ሰውዬ ነው በ1924 የቆመውን፣ በ2021 ከአደባባዩ የተነሳውን የጄኔራል ሊ ሐውልት ለከተማዋ የሰጠው። አንዱ ስጦታው ወርዷል፣ ሌላው ልጆቻችን የሚጓጉለት ሆኖ ቀርቷል።) እዚያ ለረጅም ዘመን አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ይቀበላችኋል፤ ሁለት ዓመት ትማራላችሁ፤ ከዚያ ኮሜርሱ እንደገና ያወዳድራችኋል። ሌሎች ቤቶች ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ቢዝነስ ውስጥ ያስገባሉ። አሠራሩ በየጊዜው ይቀያየራል፤ እሷ ግን ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንንም ጠይቃ አታውቅም ነበር። ዩኒቨርሲቲው የሚያወጣው ፐርሰንት የፊቱ በር ነው። ከውስጥ ሁለተኛ በር ካለ፣ ያ ቁጥር ስለሱ ምንም አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ፐርሰንቱ።

ባይገርማችሁ፣ የሃርቫርድ አገባብ በአንድ ነገር የእህቴን ማትሪክ የሚመስልበት ዘመን ነበር። የመግቢያ ፈተና አለ፤ ያለፈ በአብዛኛው ይገባል። ፈተናው ላቲን ስለሚጠይቅ የሚያልፈው በብዛት ውድ የግል ትምህርት ቤት የተማረው ነበር፤ ስለዚህ ቁጥሩን መገደብ ያስፈለገው ሰው አልነበረም። ከዚያ ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደዱ አይሁዶች ልጆች መጡ። የልብስ ሰፊና የሱቅ ነጋዴ ልጆች ናቸው፤ ፈተናውን አለፉት። በ1922 ከሃርቫርድ አዲስ ገቢዎች ከአምስት አንዱ በላይ አይሁዳዊ ሆነ። ፕሬዚዳንቱ አቦት ላውረንስ ሎዌል ከ15 በመቶ እንዳይበልጡ በግልጽ ኮታ እንዲወሰን ሐሳብ አቀረበ። የመምህራኑ ኮሚቴ ኮታውን አልተቀበለም።

ሎዌል ግን መንገድ አላጣም። ማመልከቻው ተለወጠ። ዘር፣ ሃይማኖት፣ የእናት የአባት ቤት ስም፣ የአባት የትውልድ ቦታ፣ ከተወለዳችሁ ወዲህ የእናንተ ወይም የአባታችሁ ስም ተለውጧል ወይ የሚሉ ጥያቄዎች ገቡ። ፎቶግራፍ ተጠየቀ። በ1926 ደግሞ የአዲስ ገቢዎች ቁጥር በ1,000 ተገደበ፤ ቦታ ከተገደበ መምረጥ ግድ ነው፤ መምረጫውም «ባሕርይ» ሆነ። ባሕርይ አይለካም፤ ውበቱ እዚያ ላይ ነው። ኮታ የሚል ቃል የትም ሳይጻፍ የአይሁዶቹ ድርሻ ሎዌል ወደፈለገው 15 በመቶ አካባቢ ወረደ። የሶሺዮሎጂ ምሁሩ ጄሮም ካራቤል በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ታሪክ ከነደብዳቤዎቹ ዘርዝሮታል፤ ሳነበው ደሜ ነው የፈላው።

ዛሬ ልጆቻችን ስለ ራሳቸው የሚጽፉት ድርሰት፣ የአስተማሪ ምስክርነት፣ ከክፍል ውጭ ምን ትሠራለህ የሚለው ጥያቄ፣ ትልቅ ክፍሉ ከዚያ ዘመን የወረደ ዕቃ ነው። ፍትሕ ለመሆን ግን ዕቃው በሁለት እጅ ሠርቷል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያው «ሙሉ ሰውየውን እንይ» የሚለው አሠራር ለጥቁር ተማሪዎች በር መክፈቻ ሆኗል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰኔ 2023 ላይ ዘርን ከግምት ማስገባትን እስኪከለክል ድረስ።

እህቴ ይህን ስተርክላት ምጣዱ ላይ ሊጥ እያዞረች፣ «ታዲያ ፈተናው አይሻልም?» አለች። እኔም መጀመሪያ እንዲያ ብዬ ነበር። ነገር ግን ኤስኤቲ የሚባለው ፈተናም የተወለደው በዚያው በ1926 ነው። ያዘጋጀው የፕሪንስተኑ ካርል ብሪገም ከሦስት ዓመት በፊት ባወጣው መጽሐፍ የሰሜን አውሮፓ ዘር በአእምሮ ይበልጣል ብሎ የጻፈ ሰው ነው። በ1930 ተሳስቻለሁ ብሎ ቃሉን በአደባባይ አነሳ፤ ፈተናው ግን ቀጠለ። በ1933 የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት የሆነው ጄምስ ኮናንት ደግሞ ያንኑ ፈተና የሩቅ ስቴት ድሀ ልጆችን ፈልጎ ስኮላርሺፕ ለመስጠት ተጠቀመበት። እህቴ የምትፈልገው ንጹሕ ቁጥር እዚህ አገር ኖሮ አያውቅም። ማትሪክስ ቢሆን ንጹሕ ነበር ወይ? ያንን ሌላ ቀን እንከራከራለን።

ቁጥሩ ይህን ያህል ያነሰበት ምክንያት ግን ከሎዌል ይልቅ ለፖስታ ቤትና ለመጽሔት ይቀርባል። በ1975 አሥራ አምስት የግል ኮሌጆች አንድ የጋራ ማመልከቻ ተስማሙ፤ ዛሬ አባላቱ ከሺህ በላይ ናቸው። አንዱን የሞላ ልጅ ሃያ ቦታ መላክ ብዙም አይከብደውም። በ1983 አንድ የዜና መጽሔት፣ ዩኤስ ኒውስ፣ ኮሌጆችን በደረጃ አሰለፈ፤ ከመመዘኛዎቹ አንዱ ለብዙ ዓመታት ስንት አመልካች ትመልሳላችሁ የሚል ነበር። እስከ 2018 ድረስ አልወጣም። አስቡት እንግዲህ፤ ብዙ ልጅ ማስመለስ ነጥብ የሚያስገኝ ከሆነ ኮሌጁ ምን ያደርጋል? የማይቀበለውን ልጅ ጭምር ና አመልክት ብሎ ይጋብዛል። በ2024 ሃርቫርድ ያመለከቱት 54,008 ነበሩ፤ የተቀበለው 1,937። ያ ነው 3.6።

በዚያ 1,937 ውስጥም ሁሉም በአንድ ወረፋ አልተሰለፈም። ሃርቫርድ በተከሰሰበት ጊዜ በወጡት ሰነዶች መሠረት፣ ወላጃቸው እዚያ የተማሩ አመልካቾች ከሦስት አንዱ ሲገባ ከሌላው የሚገባው ከመቶ ስድስት ያህሉ ነበር። ከተቀበላቸው ነጮች ከ43 በመቶ በላይ የሚሆኑት ወይ ስፖርተኛ፣ ወይ የቀድሞ ተማሪ ልጅ፣ ወይ የሠራተኛ ልጅ፣ ወይ ዲኑ ለይቶ የያዘው ስም ነበሩ። ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ በ2023 ስምንቱን አይቪዎችና አራት መሰሎቻቸውን አጥንተው፣ እኩል የፈተና ውጤት ካላቸው ልጆች መካከል ከአንደኛው ሀብታም 1 ከመቶ የመጣው፣ ከመካከለኛ ገቢ ቤት ከመጣው በእጥፍ በላይ እዚያ የመግባት ዕድል እንዳለው አሳዩ። ዋና ዋናዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ግን ይህን ልዩነት አላገኙም። ቨርጂኒያ በ2024 የመንግሥት ኮሌጆቿ የቀድሞ ተማሪ ልጅን እንዳያስቀድሙ በሕግ ከልክላለች።

ስለዚህ «ስንት ፐርሰንት አለኝ» ስትለኝ፣ 3.6 የእሷ ቁጥር አይደለም። ከዚያ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል፤ የብዙ ወረፋ አማካይ ነው። ለግምት የሚረዳው ሌላ ወረቀት ነው። አብዛኞቹ ኮሌጆች «ኮመን ዳታ ሴት» የሚባል ቅጽ በየዓመቱ ያወጣሉ። ውጤት፣ ድርሰት፣ ቃለ መጠይቅ፣ የስቴቱ ነዋሪ መሆን፣ የቀድሞ ተማሪ ልጅነት ለእነሱ ምን ያህል እንደሚመዝኑ ራሳቸው ምልክት ያደርጋሉ፤ የገቡት ልጆች ውጤት የት እንደሚያርፍም አለ። ለእኛ ልጅ ትልቁ ግኝት አድራሻዋ ነበር። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የስቴቱ ልጆች ናቸው፤ የስቴቱ ልጅ ከውጭ ከሚመጣው እጥፍ የሚጠጋ የመግባት ዕድል አለው። ይህ አባቷ ታክሲ እየነዳ የከፈለው ታክስ ውጤት ነው፤ ማንም እንደ ዕድል ቆጥሮት አያውቅም ነበር።

አባቷ ያን ማታ ከኤርፖርት የገባው እዚህ ላይ ስንደርስ ነው። ሐሳቡን ጨርሶ መጥቷል። አንድ ተሳፋሪ መክሮታል። «ኧርሊ ዲሲዥን ትፈርም» አለ። «ዋርተን ቀድመሽ ከፈረምሽ ዕድልሽ ይጨምራል ብሎኛል፤ ሰውየው እዚያ ነው የተማረው።»

ኧርሊ ዲሲዥን ማለት በኅዳር አንድ ቦታ ብቻ ታመለክታላችሁ፤ ከተቀበላችሁ ልትገቡ ቃል ትገባላችሁ፤ ሌላውን ሁሉ ትተዋላችሁ። ፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የክፍሉን ግማሽ ያህል የሚሞላው በዚህ ነው። ለምን እንደሚወዱት እኔ በአካዳሚ ቋንቋ ላስረዳት ስጀምር ልጅቱ አቋረጠችኝ።

«ተመላሽ አይደል እንዴ?» አለች።

ልንገራችሁ። እናቷ እንጀራ ጋግራ ለአራት ሱቆች ታስረክባለች። ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ ሂሳቡን የምትይዘው ይህች ልጅ ናት። በዚህ ሥራ የሚገድለው የጤፍ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ተመላሹ እንደሆነ የደረሰችበት እሷ ናት፤ ሱቁ ሳይሸጥ ያደረው ይመለሳል፣ ኪሳራው የጋጋሪዋ ነው። አንደኛው ሱቅ ሐሙስ ሐሙስ አስቀድሞ የሚከፍሉ ደንበኞችን ስም እንዲመዘግብ አሳምናዋለች። ኮሌጁም እንዲሁ ነው አለችኝ፤ የተቀበለው ልጅ ሌላ ቦታ ከሄደ ተመላሽ ነው፤ በቅድሚያ የፈረመው አይመለስም። ለዚህ ነው የሚያስቀድሙት።

የሃርቫርድ ፕሮፌሰር ከዚህ አጥርቶ የሚያስረዳው አይመስለኝም። ድርሰቷ ምን መሆን እንዳለበትም እዚያው ገባኝ፤ እሷ ግን ስለ ፈቃደኛ አገልግሎት ነበር የጻፈችው። «እንጀራማ ሥራ ነው፣ አክቲቪቲ አይደለም» አለች።

እኔ መፈረሙን ተቃወምኩ። ዋጋ ሳያወዳድሩ የሚፈርሙት ሀብታሞች ናቸው አልኩ። ስቴሲ ዴልና አላን ክሩገር በ2002 ያወጡትን ጥናት ጠቀስኩ፤ ተመሳሳይ ቦታ አመልክተው ተቀባይነት ያገኙ፣ ግን ስመ ጥር ያልሆነው ኮሌጅ የሄዱ ልጆች በአማካይ ከሌሎቹ ያነሰ ደመወዝ አላገኙም። አባቷ ሰማኝና፣ «ለሁሉም ነው?» አለ። አይ፣ ለሁሉም አይደለም። ከዝቅተኛ ገቢ ቤት የመጡት ከስመ ጥሩ ቤት ጥቅም ማግኘታቸውን ያው ጥናት ይናገራል። «እኛስ ምንድን ነን ታዲያ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ከዚያ የኮሌጆቹን የዋጋ ማስያ ከፈትን። ከ2011 ወዲህ እያንዳንዱ ኮሌጅ የቤተሰቡን ገቢ አስገብታችሁ የሚቀርባችሁን ወጪ በግምት የምታዩበት ማስያ ድረ ገጹ ላይ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። እኔ የጠበቅኩት ሌላ ነበር፤ የወጣው ሌላ። ስሙን የማልጠራው አንድ መካከለኛ የግል ኮሌጅ፣ «የማይቀር» ብለን ከታች ያስቀመጥነው፣ አባቷ በዓመት ነድቶ የሚያገኘውን ግማሽ ጠየቀ። ጎረቤታችን ጆርጅ ሜሰን፣ አብዛኛውን አመልካች የሚቀበለውና ጥሩ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ያለው፣ ቤት አድራ ከተማረች ይቻላል። ኖቫ፣ ግማሹ ሐበሻ የጀመረበት የማኅበረሰብ ኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት ተምሮ የተወሰነ ውጤት ላመጣ ልጅ ወደ ስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች የተረጋገጠ መሸጋገሪያ አለው፤ እሷ ፊቷን አጨፈገገች፣ እኔ ዝርዝሩ ላይ ጻፍኩት። ዋርተን ያለበት ፔንስልቬንያ ደግሞ የእርዳታ ጥቅሉን ያለ ብድር ስለሚሰጥ፣ ለዚህ ቤት ከብዙዎቹ በታች ወጣ። አባቷ አላሾፈብኝም፤ ሻዩን አነሳ ብቻ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ነበረ። ማስያው በግል ሥራ ለሚተዳደር ቤተሰብ ግምቱ ሊሳሳት ይችላል ይላል። ታክሲና እንጀራ፤ ሁለቱም የግል ሥራ። ፊርማው የሚያስረው ግን እነሱን ነው። «ትክክለኛውን ወረቀት አምጣ» አለችው አባቷን። ታክሱ የት ነው? መኪናው ውስጥ። በካልሲ ወጥቶ ከታክሲው ኪስ የታጠፈ ፖስታ ይዞ ተመለሰ።

የእናቷን ገጽ፣ ስኬጁል ሲ የሚሉትን፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ታክስ የሚሠራላቸው ሰው ነው የሞላው። ጣቷን አንደኛው መስመር ላይ አደረገች፤ ጠቅላላ ሽያጭ። ከራሷ መዝገብ ጋር አስተያየችው። ያው ነው፤ ለሱቆቹ የተረከበው እንጀራ በሙሉ። ጣቷ ወደ ሁለተኛው መስመር ወረደ።

«እማዬ፣» አለች፣ «እዚህ ተመላሽ የሚል መስመር አለ። ባዶ ነው።»

እህቴ አክንባሎውን እንደያዘች ዞረች። «ስንት ዓመት?» አለች።